«ጋሼ፣ ሽጉጥ ይዤ ክፍል ብገባስ?»

ረዘም ይላል። ዳታ የማይበቃችሁ ሴቭ አድርጉትና ዋይፋይ ስታገኙ አንብቡት። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የምጽፈው ስለ ቴክሳስ ነው። ስለ እኛ ሀገር ጠመንጃ የሚጽፍ ሞልቷል፣ እኔ ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም። ኮሜንት ላይ ወደዚያ ልጎትትህ የሚለኝ ካለ ይቅርታ፣ አልመልስም። ቀኖቹን ደግሞ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ታላቅ እህቴ ዳላስ አካባቢ መኖር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። እኛ እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ እሷ የቅዳሜን ሥራ ጨርሳ ሳትተኛ ትደውላለች። ሁልጊዜ ወሬያችን ያው ነው፤ የእማዬ ደም ግፊት፣ የጤፍ ዋጋ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ። የዚያን እሁድ ግን ገና «ሄሎ» ስል ድምጿ ልክ አልነበረም።

«ወንድምዓለም፣ ልጁን ምከርልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ሽጉጥ ልገዛ ነው አለኝ። ይዤው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ አለኝ።»

መጀመሪያ የመሰለኝ ልጁ አንድ ክፉ ነገር አስቧል ነው። ጉልበቴ ራደ። እሷ ግን «ኧረ እንደሱ አይደለም፣ በሕግ ነው የሚፈቀደው» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ? አዎ። ክፍል ውስጥ? አዎ ክፍል ውስጥ። መምህሩ እያስተማረ? አዎ አልኩህ እኮ።

እኔ እንግዲህ ኖራና ብላክቦርድ የማውቅ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አሜሪካ በጠመንጃ የተሞላች ሀገር መሆኗን ማንም ያውቃል። ግን ተማሪ ከደብተሩ ጋር ሽጉጥ ይዞ ሌክቸር እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ሕግ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልጁ በነጋታው ራሱ ደወለ። (ይህን ሁሉ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ስሙንና ትምህርት ቤቱን አልጠቅስም ብዬው ነው።) ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሁለት ልጆች ጋር ከግቢው ውጪ አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል። ማታ ማታ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነው። አማርኛው የተሰባበረ ነው፣ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ግን «ጋሼ» ሲለኝ ደስ ይለኛል።

«ጋሼ፣ ሽጉጥ ይዤ ክፍል ብገባስ? ምን ትለኛለህ?»

«አብደሃል እልሃለሁ።»

«አያቴ ጠመንጃ ነበረው አይደል? እማዬ ነግራኛለች።»

እንዲህ አድርጎ ያዘኝ። እውነት ነው፣ አባታችን ምንሽር ነበረው። ከመደቡ በላይ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው። ገበያ ይዞት ይሄዳል፣ ሰርግ ይዞት ይሄዳል። ሲሞትም ከአስከሬኑ ጋር ወጥቷል። ታዲያ እኔ የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ ለአሜሪካ ልጅ «ጠመንጃ ነውር ነው» ልለው? አላስኬደኝም። «ልደውልልህ፣ ላንብብ» አልኩት። አስተማሪ ሲጨንቀው የሚሸሽበት ነገር ማንበብ ነው።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ስልኬ ላይ ተደፍቼ አነበብኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የቴክሳሱ ሕግ በ2015 የወጣ ነው። ገዥው ግሬግ አቦት በጁን ወር ፈረሙበት፣ ኦገስት 1 ቀን 2016 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ላይ ዋለ፤ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ማንም እንዳያየው ደብቆ፣ ግቢም ክፍልም ይዞ መግባት ይችላል። ገልጦ መያዝ ክልክል ነው። ዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ቦታዎችን መከልከል ይችላል፣ ግን ክልከላውን አብዝቶ ሕጉን ዋጋ ቢስ ማድረግ አይችልም። የግል ዩኒቨርሲቲዎች እምቢ የማለት መብት ተሰጣቸው፤ ራይስም፣ ቤይለርም፣ ኤስ ኤም ዩም እምቢ አሉ። ይሄ ነገር አሳቀኝ። ምርጫ የተሰጠው ሁሉ ማለት ይቻላል እምቢ ካለ፣ ምርጫ ያልተሰጠው ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ቻንስለር የነበሩት ዊልያም ማክሬቨንም ለምክር ቤቱ «አይሆንም» ብለው ጽፈው ነበር። ማክሬቨን ማለት አድሚራል ናቸው፣ ቢን ላደን የተገደለበትን ዘመቻ የመሩ ሰውዬ። ጠመንጃ ፈርተው ነው የሚላቸው ያለ አይመስለኝም።

ፈቃዱን ለማግኘት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ውስጥ መማር፣ ፈተና መፈተንና ሃምሳ ጥይት ወደ ኢላማ ተኩሶ ማለፍ ነው። በ2021 ደግሞ ቴክሳስ ሌላ ሕግ አውጥታ ከግቢ ውጪ ያለ ፈቃድም ሽጉጥ መያዝ ቻሉ ብላለች። ግቢ ውስጥ ግን ፈቃዱ እስካሁን ይጠየቃል። የእህቴ ልጅ በዚህ ይኮራል፤ «ጋሼ፣ ግቢ ውስጥ የሚይዘው የተመረመረ ሰው ነው» ይለኛል። ስድስት ሰዓት! እኔ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመላለስኩትን ሳስበው... ተውት።

ያ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን፣ ኦገስት 1፣ ሌላ ታሪክ አለው። ልክ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 1 ቀን 1966፣ የማሪን ወታደር የነበረ አንድ ተማሪ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግንብ ላይ ወጣ። እናቱንና ሚስቱን ገድሎ ነው የመጣው። ከ28ኛው ፎቅ ሰገነት ላይ ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከታች የሚያልፈውን ሁሉ ተኮሰበት። ከደርዘን በላይ ሰው ሞተ፣ ሰላሳ ያህል ቆሰለ። ዛሬ «ካምፓስ ላይ ተኩስ» የሚባለው ወሬ ከዚያ ቀን ይቆጠራል።

ከዚህ ታሪክ እንቅልፍ የነሳኝ ክፍል ሌላ ነው። ተኩሱ ሲጀመር የከተማው ሰው ከቤቱና ከመኪናው የአደን ጠመንጃውን እያወጣ ወደ ግንቡ መተኮስ ጀመረ። ልክ እኛ ሰፈር እንደሚሆነው በሉት። ያ ሁሉ ጥይት ገዳዩን አንገቱን አስደፋው፣ እንደ ልቡ ማነጣጠር ከለከለው ይባላል። በመጨረሻ ሰገነቱ ላይ ወጥተው የገደሉት ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ አብሯቸው አንድ የመጽሐፍ መደብር ሠራተኛ ነበረ፣ ተራ ሰው፣ ጠመንጃ አውሰውት። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ወገን «አያችሁ! የታጠቀ ዜጋ ሰው አተረፈ» ይላል። ልክ ነው። ግን የዚያኑ ሰውዬ ጠመንጃ እዚያው ላይ ሳያስበው ባርቋል። ፖሊሶቹም ሰገነቱ ላይ ሲሳቡ ከታች የሚመጣው የረዳቶቻቸው ጥይት በላያቸው እየበረረ ነበር። አንድ ታሪክ ነው፣ ሁለቱም ወገን እየመዘዘ ይጠቅሰዋል። እኔም ሁለት ሌሊት መዘዝኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝርም። በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰው ተገደለ፤ ተማሪዎች ራሳቸው «ሽጉጥ ይፈቀድልን» ብለው የተደራጁት ከዚያ ወዲህ ነው። ክርክራቸው ቀላል ነው። ገዳይ «ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ አንብቦ አይመለስም፣ ታፔላውን የሚያከብረው ተማሪው ነው፣ ስለዚህ ታፔላው ያስፈታው ሟቹን ነው። ይህን ክርክር የሚንቅ ሰው ያላሰበበት ነው። እኔ አልናቅሁትም።

ለልጁ ስደውልለት ማስረጃዬን ደርድሬ ነበር። እሱም ደርድሮ ጠበቀኝ።

«በ2022 ኢንዲያና፣ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ጋሼ። ሰውዬው ሦስት ሰው ገደለ። አንድ ልጅ ሽጉጡን አውጥቶ በ15 ሰከንድ ውስጥ ጣለው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከአሁኑ የእኔ ዕድሜ በአንድ ዓመት ነው የሚበልጠው። ማዕከሉ ደግሞ ሽጉጥ ይከለክላል።»

አውቀው ነበር፣ አንብቤዋለሁ። እኔም የራሴን ነገርኩት። በ2021 ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ደግ ሰው ፖሊስ የገደለን ነፍሰ ገዳይ ተኩሶ ጣለ፤ ቀጥሎ የደረሰው ፖሊስ ደጉን ሰውዬ ገዳይ መስሎት ገደለው። በ2012 ኒውዮርክ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ሥር ሁለት ፖሊሶች አንድ ገዳይ ላይ ሲተኩሱ ዘጠኝ መንገደኛ ቆሰለ፤ ዘጠኙም በፖሊሶቹ ጥይትና ፍንጣሪ። የሠለጠነ ፖሊስ እንዲህ ከሆነ የስድስት ሰዓት ተማሪ እንዴት ይሆናል? በ2015 ኦሪገን ውስጥ አንድ ኮሌጅ ዘጠኝ ሰው ሲገደል፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ሽጉጡን የያዘ የቀድሞ ወታደር ተማሪ ነበር። አልወጣም። ፖሊስ ገዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል ብዬ ነው አለ። ብልህ ሰው።

«ቻርሊ ከርክ የተገደለበት ዩታም እኮ ግቢ ውስጥ ሽጉጥ ይፈቀዳል» አልኩት። «ከጣሪያ ላይ አንድ ጥይት ነው የተተኮሰው። እዚያ ሕዝብ መሐል ሽጉጥ የያዘ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?»

ዝም አለ። አሸነፍኩት ብዬ ነበር። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለዚያ አይደለም። ያ ብዙ ጊዜ አይሆንም። እኔ ከሥራ የምወጣው ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። ላይብረሪ የምማር ከሆነ መኪናዬ ያለችው ሩቅ ፓርኪንግ ነው። የምሠራበት ሱቅ ሽጉጥ ደግነውብኛል፣ ባለፈው ዓመት። ለእማዬ አልነገርኳትም።»

ይሄን ጊዜ ነው ማስረጃዬን ሁሉ ያጠፍኩት። እኔ ስለ 1966 ሳነብ ልጁ ሽጉጥ ተደግኖበት ነበር። ሱቅ ቢይዘው አልቃወምም ልበለው? ግን ከሱቅ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ሱቅ ነው ውሎው። ግቢው ከከለከለው መንገዱንም ከለከለው ማለት ነው። ይህ ነጥብ እስካሁን ከባድ ነው። በአዋጅ የማይፈታ፣ በሌሊት አውቶቡስና በመብራት የሚፈታ ይመስለኛል፣ ግን አውቶቡሱን እኔ አላመጣለትም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ከሁሉ አንጀቴን የበላው ይህ ነው።

ሕጉ ሊጀምር ወራት ሲቀሩት፣ በ2016 መጀመሪያ፣ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ሴኔት ለመምህራን ባዘጋጀው ገለጻ ላይ ምክር ሰጠ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ስሜት በሚነኩ ርዕሶች ላይ ስትወያዩ ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ርዕሶችን ከኮርሳችሁ ብታወጡ አይከፋም፣ ተማሪው ከተናደደ ወደዚያ አትግቡ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቢሮ አታግኟቸው። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ትምህርቱ ተቀየረ እኮ! ኦስቲን ደግሞ ዳንኤል ሐመርመሽ የሚባሉ ታዋቂ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር «በዚህ ሁኔታ አላስተምርም» ብለው ለቀቁ። ሦስት ሴት ፕሮፌሰሮች ከሰሱ፤ ያላችሁት ፍርሃት እንጂ የደረሰባችሁ ጉዳት የለም በሚል መንፈስ ፍርድ ቤቱ መለሳቸው፣ ይግባኙም በ2018 ወደቀ። ተማሪዎቹም ተቃውሞ ወጥተው ነበር፣ በምን እንደወጡ ግን እዚህ ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ሽማግሌዎች ያነቡኛል።

«ያላችሁት ፍርሃት ብቻ ነው።» የሕግ ሰው ስላልሆንኩ ዳኞቹን አልተችም። ግን ስለዚያ ፍርሃት የማውቀው ነገር አለኝ፣ ለማንም ነግሬው አላውቅም፣ ለባለቤቴም። ለእህቴ ልጅ ነው መጀመሪያ የነገርኩት።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የሴሚስተሩን ማርክ ሊስት እየሞላሁ ነበር። አንድ ልጅ አለ፣ አሥረኛ ክፍል፣ በዕድሜ ከሌሎቹ ገፋ ያለ፣ ሃያ የሚሆን። ከመቶ 31 አምጥቷል። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መምህራን ሁሉ ወጥተው እኔ ብቻዬን ዲፓርትመንት ክፍል ቀርቼ፣ ገባ። በሩን መለስ አደረገው። «ቲቸር፣ ስለ ማርኬ ልንነጋገር ነው የመጣሁት» አለኝ። በጣም በጨዋነት። ጃኬት ለብሷል፣ ሙቀት ነው። ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የጃኬቱ አንዱ ጎን የጠረጴዛውን እግር መታው። ቷ አለ። ብረት ነው።

ምንም አላወጣም። ምንም አላስፈራራኝም። ስድብ እንኳ የለም። «ቲቸር፣ ሃምሳ ብትሞላልኝ» አለ። እጁ ጭኑ ላይ ነው። እኔ ብረቱን አላየሁትም። እስከ ዛሬ ሽጉጥ ይሁን፣ የበር ቁልፍ ይሁን፣ መዶሻ ይሁን አላውቅም። ከአናጢ ቤት መጥቶም ሊሆን ይችላል።

ሃምሳ ሞላሁለት። «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብሎ ወጣ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች። 48 ነበር ያላት፣ በራሷ። ሁለት ማርክ እንድጨምርላት ለመነችኝ፣ ቤት ውስጥ እናቷ ታማባት ስትመላለስ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ምን አልኳት? «ማርክ ማርክ ነው።» ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኳት። ኮራ ብዬ።

ይህን ስነግረው ልጁ ብዙ ቆየ። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ግን ጋሼ፣ እዚያ ያ ልጅ ሕገወጥ ነው። ሕግ አላቆመውም። አንተም ሽጉጥ ቢኖርህስ?» አለኝ።

የጠበቅኩት ጥያቄ ነው፣ ራሴም ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ቢኖረኝስ? መሳቢያዬ ውስጥ ቢኖር፣ ያ ልጅ እጁን ወደ ጃኬቱ ሲሰድ — ምናልባት መሐረብ ሊያወጣ — እኔ ምን አደርግ ነበር? ወይ ያው ሃምሳውን እሞላ ነበር፣ ወይ ዛሬ በአንድ ተማሪ ነፍስ ተጠያቂ ነበርኩ። ደፋር ሆኜ 31 እጽፍ ነበር ብዬ ግን ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

«ደግሞ እኮ» አልኩት፣ «የአያትህ ምንሽር ይታይ ነበር። የሚያልፈው ሁሉ ማን እንደያዘ ያውቃል፣ እንደዚያው ይጠነቀቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ደግሞ ከቅጥሩ ውጪ ለሚጠብቅለት ሰው ሰጥቶ ነበር የሚገባው። አንድም ቀን ደብቆት አያውቅም። እናንተ ጋ ግን አስተማሪው ማን እንደያዘ አያውቅም። ሕጉ እንዳያውቅ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ከሁሉም ተማሪ ጋር፣ እንደ እኔ፣ ጃኬት ጃኬት እያየ ነው የሚነጋገረው።»

ኦስቲን ያሉ መምህራን ይህ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ የራሳቸው ብቻ በሆነ ቢሮ ሽጉጥ እንዳይገባ መከልከል ተፈቅዶላቸዋል። ግን ራሳቸው በአፋቸው ለእያንዳንዱ መናገር አለባቸው። እስቲ አስቡት፣ «ግባ፣ ተቀመጥ፣ ሽጉጥ ይዘሃል እንዴ?» ብላችሁ ስለ ማርክ ልታወሩ።

ሐቁን ለመናገር የተፈራው ደም መፋሰስ ቴክሳስ ክፍሎች ውስጥ አልሆነም። ባለ ፈቃዶቹ በአብዛኛው ሰላማዊ ናቸው፤ የግዛቱ የጸጥታ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው የጥፋተኞች ሪፖርት ላይ ድርሻቸው በጣም ትንሽ ነው። ሕጉ በጀመረ ሰሞን አንድ ተማሪ ዶርም ውስጥ ባርቆበታል፣ ሰው አልተጎዳም። አይዳሆ ውስጥ ደግሞ ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ወሩ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ እያዩ የገዛ እግሩን መታ። ሙያ አጋሬ ስለሆነ አልሳቅሁም። ትንሽ ነው የሳቅሁት።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ ክፍል ውስጥና መምህር ቢሮ ውስጥ አይግባ። ሰው ስለሚሞት ብቻ አይደለም፣ ማርክ ስለሚሞት። ሌሊት መንገድ ላይ ግን ለልጁ «አትያዝ» ለማለት አፌ ይተሳሰራል። ይህን ሁለቱን እንዴት አድርጎ አንድ ሕግ እንደሚያስታርቃቸው አላውቅም።

ለእህቴ ደውዬ «ተነጋግረናል፣ ምክንያት አለው፣ የያዘው ነገር ክፋት አይደለም» አልኳት። ስለ ሱቁ አልነገርኳትም። እሷም ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«እኔ እኮ ሌላ ሰው ይገድላል ብዬ አልፈራሁም» አለች።

«እና?»

«አምና ሁለት ኮርስ ሲወድቅ፣ አሥራ አራት ቀን ከአልጋው አልተነሳም። ስልክ አያነሳም። ሄጄ በር ደበደብኩ። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ሽጉጥ ቢኖርስ ወንድምዓለም?»

አያችሁ፣ እኔ ይህን ሁሉ ሳምንት ስለ ግንብና ስለ ገበያ ማዕከል ሳነብ፣ የእናቲቱ ፍርሃት ሌላ ነበር። ተመልሼ ሳየው ደግሞ ፍርሃቷ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የሚያጠፋ ነው። ዜና የሚሆነው ግን ሌላው ነው። ልጆቹ በዚህ ዕድሜ፣ ከቤት ርቀው፣ ፈተና ላይ ፈተና፣ ጓደኛ ይተዋቸዋል፣ ገንዘብ ያልቃል። መጥፎ ሌሊት ሁሉም ሰው አለው። እኔም ዲፕሎማዬን ስማር ነበረኝ። ያኔ እጄ ላይ የነበረው መጥፎ ነገር ቢበዛ አንድ ጠርሙስ አረቄ ነው፣ ጠዋት ራሴን አሞኝ ተነሳሁ። ተነሳሁ ነው ቁም ነገሩ።

ይህን እንዴት እንደምጠይቀው ቸግሮኝ ሦስት ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ ቀጥታ ጠየቅሁት። አልተቆጣም። «እማዬ ነገረችህ» አለ ብቻ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ያ ስለ መግዛት ነው። ስለ ካምፓስ አይደለም። መግዛት በማንኛውም ጊዜ እችላለሁ» አለኝ።

ልክ ነው። ሒሳብ የሚማር ልጅ ነው፣ ጥያቄውን አይቀላቅልም። እኔ ግን መልሼ፣ «ግቢው ባይፈቅድ ኖሮ ትገዛው ነበር?» አልኩት።

አሰበ። «አልገዛም ነበር። ቀኑን ሙሉ ግቢ ነኝ፣ የት አስቀምጠዋለሁ?»

ሁለታችንም ያንን መልስ ሰማነው። አልተርጎምኩለትም።

ላይሰንስ የሚያወጣበት ክፍል ለቅዳሜ ተመዝግቧል። ገንዘቡን ከፍሏል። አትሂድ አላልኩትም፣ መብቱ ነው፣ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ «ፕሮፌሰርህ ጋ ስለ ማርክ ልትከራከር ስትገባ፣ በዚያች ቀን እንኳ፣ መኪና ውስጥ ተወው።»

«ጋሼ» አለኝ፣ «መኪና ውስጥ ከተውኩት ይሰረቃል። እዚህ ሌቦች የሚሰብሩት እኮ ሽጉጥ ፍለጋ ነው።»

ምን እንደምለው ጠፋኝ። መስመሩ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እሱ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ያቺ 48 ያመጣችው ልጅ ምን ሆነች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ክፍል ደገመች። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ አየኋት፣ መጨረሻ ወንበር ላይ። ኅዳር ላይ ቀረች።